ዕዳ ከሜዳ

ትንሽ ቢዝነስ ያለው ሰው የማላውቀውን ቁጥር አላነሳም ማለት አይችልም። ደንበኛ ሊሆን ይችላል፣ ዕቃ አቅራቢ ሊሆን ይችላል፣ የኢንሹራንስ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ካላነሱት አይታወቅም። የኮሌክሽን ሰዎች፣ ማለትም ዕዳ ሰብሳቢዎች፣ ይሄን ጠንቅቀው ያውቃሉ። የግል ስልካችን ላይ ሲደውሉ ድምጹን አጥፍተን እናልፋቸዋለን፣ የስራ ስልክ ላይ ሲደውሉ ግን የሆነ ሰው ያነሳላቸዋል፣ ያ የሚያነሳው ሰው ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሂሳቡ ምንም የማያውቅ፣ ደንበኛ ፊቱ የተገተረበት፣ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት ብቻ የሚፈልግ ሰራተኛ ነው።

ይሄን የምጽፈው ሰሞኑን ጓደኞቼ ተራ በተራ ይሄው ነገር እየገጠማቸው ስለሚደውሉልኝና ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ስለሆነ ነው፣ «ስካም ነው ወይስ የምር ነው?» የሚል። የኔ መልስ ብዙም አያስደስታቸውም። ስልኩን እንደያዛችሁ ይሄን ጥያቄ መመለስ አይቻልም፣ ለመመለስም አትሞክሩ ነው የምላቸው። ሰውየው የሚፈልገው እኮ እዛው ላይ፣ ያኔውኑ እንድትወስኑ ነው፣ አጭበርባሪም ይሁን ትክክለኛ ሰብሳቢ።

አሜሪካ ነው ያለሁት፣ ስለዚህ የማነሳው ህግም አሰራርም የዚሁ አገር ነው። ላውንድሪ ነው የምሰራው። ቤቱን የገዛሁት ከሌላ ሰው ነው፣ ደንበኛው ስለለመደው ስሙን ሳልቀይር ቀጠልኩ፣ ጣጣውም የመጣው በዚሁ በስሙ በኩል ነው። አንድ ቀን ከሰአት አብራኝ የምትሰራው ልጅ የስልኩን አፍ በእጇ ሸፍና «እትዬ፣ ሰውየው ዛሬ ካልከፈላችሁ እንከሳለን እያለ ነው፣ የካርድ ማሽን ዕዳ አለባችሁ ነው የሚለው» አለችኝ። ተቀበልኳት።

ሰውየው ጨዋ ነው። ጩኸት የለም፣ ስድብ የለም። የቢዝነሱን ስም ከነአድራሻው ነገረኝ፣ የቀድሞውን ባለቤት ስም ጠራልኝ፣ የማሽኑን ዓይነት ተናገረ፣ የአካውንቱን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አነበበልኝ።

«የአራት አመት ሊዝ ነው፣ ቀሪው ሂሳብ ከነቅጣቱ እየጨመረ ነው የሄደው» አለኝ።

«እኔ ቤቱን የገዛሁት…» ብዬ ስጀምር አቋረጠኝ።

«እሱን ለጠበቆቹ ያስረዷቸዋል። እኔ ልረዳዎት የምችለው ፋይሉ እጄ ላይ እያለ ነው። አሁን በካርድ ከከፈሉ በግማሽ እዘጋዋለሁ፣ አስራ አንድ ሰአት ካለፈ ግን ከኔ እጅ ወጣ።»

«እሺ፣ የፖስታ አድራሻችሁን ይስጡኝ።»

«ደብዳቤ እኮ ልከናል፣ አልደረሳችሁም?»

«በየትኛው አድራሻ ነው የላካችሁት?»

ትንሽ ዝም አለ፣ ከዛ ተመልሶ ስለ ግማሽ ዋጋው ማውራት ጀመረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸነፈው «ይሄን ሁሉ ካወቀ የምር ነው» ብሎ ነው። ግን ያወቀው ምንድነው? የቢዝነስ ስም፣ አድራሻና የባለቤት ስም ስቴቱ የድርጅት መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ በነጻ ይገኛል። ማሽን ወይ ሌላ ዕቃ በሊዝ (በረጅም ጊዜ ኪራይ) ወይ በብድር ሲወሰድ አበዳሪው ብዙ ጊዜ ዩሲሲ ዋን የሚባል ማስታወቂያ ስቴቱ ጋ ያስመዘግባል፣ እሱም ለማንም ክፍት ነው፣ ማን ከማን ምን እንደወሰደ ተጽፎበት ይገኛል። ስልኩ ላይ የሚወጣው ቁጥርም ቢሆን ማስረጃ አይደለም፣ ኮለር አይዲን ማስመሰል ቀላል ነገር ነው፣ የራሳችን ከተማ ኮድ ያለው ቁጥር የፈለጉት ቦታ ቁጭ ብለው ሊያወጡ ይችላሉ።

በሌላ በኩል ደሞ «ግማሹን ልተውልህ ካለ ሌባ ነው» የሚሉም አሉ፣ እሱም ልክ አይደለም። ዕዳ ይሸጣል። ኤፍቲሲ (የፌደራል ንግድ ኮሚሽን) በ2013 ባወጣው ሪፖርት ዕዳ ገዢ ድርጅቶች ለአንድ ዶላር ዕዳ በአማካይ 4 ሳንቲም ያህል ነው የሚከፍሉት። ጥናቱ የተሰራው በተራ ሸማች ዕዳ ላይ ነው፣ ግን አሰራሩን ያሳያል፣ በ4 ሳንቲም የገዛ ሰው በግማሽ ቢስማማም በጣም ነው የሚያተርፈው። በዛው ሪፖርት ላይ እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ነገር ነው፣ ገዢዎቹ ብዙ ጊዜ የሚረከቡት የስምና የቁጥር ዝርዝር ያለበት ፋይል ነው እንጂ ውሉን ወይ ደረሰኙን አይደለም። ስለዚህ ስልኩ ላይ ያለው ሰው አንዳንዴ ራሱም አያውቅም። ዋሽቶ ሳይሆን፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚያየው አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ።

እኔ የምጠረጥረው ሌላ ሌላውን ምልክት አይቼ ነው። አድራሻ አልሰጥም ካለ። በወረቀት ላክልኝ ስትሉት ሰአት ከጠራ። በጊፍት ካርድ ወይ ተመልሶ በማይመጣ የገንዘብ ማስተላለፊያ ክፈሉ ካለ፣ ይሄኛው ላይማ ምንም ማሰብ አያስፈልግም፣ ስልኩን ዝጉት። ፖሊስ ይመጣል፣ ትታሰራላችሁ ካለም እንደዛው፣ በዕዳ ማሰር በፌደራል ደረጃ ከ1833 ጀምሮ የቀረ ነገር ነው።

አሁን ወደ ህጉ። ጓደኞቼ በሙሉ አንድ ነገር ነው የመከሩኝ፣ «የዕዳ አሰባሰብ ህግ አለ አይደል እንዴ፣ በሱ አስፈራሪው፣ ማረጋገጫ አምጣ በይው፣ ደጋግሞ መደወል አይችልም በይው»። እውነት ነው ህጉ አለ፣ በ1977 የወጣ ነው፣ ከኖቬምበር 30፣ 2021 ጀምሮ ስራ ላይ የዋለው ደንብ ደሞ በሰባት ቀን ውስጥ ስለ አንድ ዕዳ ከሰባት ጊዜ በላይ መደወልን እንደ ማስቸገር ይቆጥረዋል፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰአት በፊትና ከምሽቱ ሶስት ሰአት በኋላ መደወልም አይፈቀድም። ግን ይሄ ሁሉ የሚሰራው ለግል፣ ለቤተሰብና ለቤት ጉዳይ ለተወሰደ ዕዳ ነው። ለቢዝነስ ዕዳ አይሰራም። ሰውየው ሁለተኛ ሲደውል ይሄን ህግ ሳነሳበት ሳቅ አለና «እሱ እናንተን አይመለከትም፣ ይሄ ኮሜርሻል ዕዳ ነው» አለኝ፣ የሚያበሳጨው ደሞ እውነቱን ነው! ሌባ ይሁን አይሁን ሳላውቅ ህጉን ግን ከኔ ጓደኞች በላይ ያውቀዋል።

ታዲያ ምን ይቀራል? ሙሉ በሙሉ ባዶ እጃችንን አይደለንም። ማታለልን የሚከለክለው የኤፍቲሲ ህግ አንቀጽ 5 ትንሽ ቢዝነስንም ያካትታል፣ ኤፍቲሲም በትንንሽ ቢዝነሶች ላይ የሚሰሩ አጭበርባሪዎችን ከሷል፣ በ2018 ከስቴቶች ጋር ሆኖ ለዚሁ ጉዳይ ኦፕሬሽን ሜይን ስትሪት ያለውን ዘመቻ አድርጓል። ካሊፎርኒያ ደሞ የራሷን የዕዳ አሰባሰብ ህግ ከጁላይ 1፣ 2025 ጀምሮ ለአንዳንድ እስከ 500,000 ዶላር ለሚደርሱ የንግድ ዕዳዎችም ዘርግታዋለች፣ ስለዚህ የየስቴታችሁን ማየት ነው።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ማንም የማያወራለት ነገር ነው። ሁሉም ስቴቶች የተቀበሉት የንግድ ኮድ አለ፣ ዩሲሲ ይሉታል፣ ቁጥር 9-406 ላይ አንድ ዕዳ ከአንዱ ወደ ሌላው ተላለፈ ሲባል ባለዕዳው «መተላለፉን በማስረጃ አሳየኝ» ማለት እንደሚችል ይናገራል፣ ማስረጃው እስኪመጣለት ደሞ ለመጀመሪያው ባለገንዘብ ቢከፍል ዕዳው ይወርድለታል። ማለትም «ዕዳውን ገዝተነዋል» ለሚል ሰው «የገዛችሁበትን ወረቀት» ብሎ መመለስ ስድብም አይደለም ማምለጥም አይደለም፣ መብት ነው። ህጉን ባላውቀውም ኖሮ ማንኛውም ዳኛ የሚጠይቀው እሱኑ ነው፣ ገንዘብ ይገባኛል የሚል ሰው ነው ማስረዳት ያለበት።

እና ዝም ብዬ አልጠበቅኩም፣ የራሴንም ቤት ፈተሽኩ። ይሄኛውን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። የማታውቁት ዕዳ ሁሉ ስካም አይደለም። ኮንትራት በራሱ ይታደሳል፣ የተሰረዘ ነገር ሳይሰረዝ ይቀራል፣ ሰራተኛ ሳይነግራችሁ ይፈርማል፣ ቢል ወደ ድሮ አድራሻ ይሄዳል። «ስካም ነው» ብሎ መዝጋት ደስ ይላል ግን የምር ከሆነ በኋላ በፍርድ ቤት መጥሪያ ይመጣል።

መጀመሪያ ቤቱን የገዛሁበትን ውል አወጣሁ። ዕቃውንና ስሙን ነው የገዛሁት፣ የተረከብኩት ዕዳ ዝርዝር ላይ ሊዝ የሚባል ነገር የለም። በአጠቃላይ የአንድ ቢዝነስ ንብረቱን ብቻ የገዛ ሰው የሻጩን ዕዳ አብሮ አይገዛም፣ እወስደዋለሁ ብሎ ካልፈረመ በቀር፣ ልዩ ሁኔታዎች አሉት ግን መነሻው ያ ነው። ድርጅቱን ራሱን፣ ማለትም ኤልኤልሲውን (ኃላፊነቱ የተወሰነውን ድርጅት) ወይ ሼሩን ከገዛ ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ ዕዳው ከድርጅቱ ጋር አብሮ ይመጣል። እዚህ ላይ የትኛውን እንደገዛችሁ የማታውቁ ካላችሁ (አሉ፣ አውቃለሁ) ዛሬውኑ ወረቀታችሁን አውጡ።

ከዛ የጀርባውን ክፍል ማገላበጥ ጀመርኩ። የታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከሳሙና ካርቶኖች ኋላ፣ አቧራ የጠጣ የካርድ ማሽን ከነገመዱ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ገለበጥኩት፣ ከስሩ ነጭ ስቲከር አለው፣ ግማሹ ተልጧል፣ የሊዝ ድርጅት ስም፣ የሲሪያል ቁጥርና «የዚህ ዕቃ ባለቤት እኛ ነን» የሚል ጽሁፍ። የድርጅቱ ስም ሰውየው በስልክ ከነገረኝ ስም ጋር አይገናኝም። ግን ማሽኑ አለ! ሊዝ ነበረ ማለት ነው። እስከዛች ሰአት ድረስ ሙሉ በሙሉ የፈጠራ ነው ብዬ ነበር።

የካርድ ማሽን ሊዝ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገራችሁ። ሽያጭ ሰራተኛው መጥቶ በወር ትንሽ ነገር ነው ይላል፣ ውሉ ግን ብዙ ጊዜ 48 ወር ነው፣ አይሰረዝም፣ ሲደመር የማሽኑን ዋጋ ብዙ እጥፍ ይሆናል፣ ከታች ደሞ ፐርሰናል ጋራንቲ የምትል ፊርማ አለች፣ እሷ ማለት ድርጅትህ ባይከፍል አንተ ከግል ኪስህ ትከፍላለህ ማለት ነው። የኒውዮርክ ጠቅላይ አቃቤ ህግ በ2016 አንድ እንዲህ ያለ የሊዝ ድርጅት ከሶ ነበር፣ በየስቴቱ ያሉ ትንንሽ ነጋዴዎችን በማይሰረዝ ውል እያሰረ ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ድረስ እየጎተተ ይከሳቸዋል ብሎ። ከሩቅ ስቴት ጠበቃ ቀጥሮ ከመሟገት መክፈል ስለሚቀል ብዙዎቹ ይከፍላሉ።

ስቲከሩ ላይ ላለው ድርጅት ደወልኩ። ቁጥሩን ራሴ ነው ፈልጌ ያገኘሁት፣ ይሄ ዋና ነገር ነው፣ ደዋዩ በሚሰጣችሁ ቁጥር ደውላችሁ ብታጣሩ የምታጣሩት ከራሱ ጋር ነው። ድርጅቱ ደሞ «አካውንቱ በእርሶ ስም አይደለም፣ ምንም ልንነግርዎ አንችልም» አለኝ፣ ቀድሞውንም የኔ አይደለም እያልኩ ነው እኮ። ስለዚህ የቀድሞውን ባለቤት ለመንኩት። እሱ «ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ የመጨረሻው ክፍያ ባንክ ስቴትመንት ላይ አለ» አለኝ፣ ፎቶ አንስቶም ላከልኝ። ደውሎ ሲያጣራ ወርሃዊው ክፍያ እውነትም አልቋል፣ ማሽኑ ግን ስላልተመለሰ የማሽኑ ዋጋ ተብሎ ትንሽ ሂሳብ ተንጠልጥሎበታል። አካውንቱን ለማንም አልሸጥነውም፣ ለኮሌክሽንም አልሰጠነውም ነው ያሉት። ማሽኑን አሽጌ ሰጠሁት፣ በስሙ መለሰው፣ ያ ሂሳብ ተዘጋ።

ስለዚህ «ስካም ነው ወይስ የምር?» ለሚለው ጥያቄ የኔ ጉዳይ መልሱ ሁለቱም ነበር። ዘሩ እውነት ነው፣ የሌላ ሰው የሆነ ትንሽ ዕዳ። በላዩ ላይ የተቆለለው ገንዘብና ደዋዩ ግን ከየት እንደመጡ አይታወቅም። እንዲህ አይነት ነገር አዲስም አይደለም፣ በ2017 ካንሳስ ያለ የፌደራል ፍርድ ቤት አንድ ሰው የሌለ ብድር ዝርዝር አዘጋጅቶ ለሰብሳቢዎች በመሸጡ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈርዶበታል። ዝርዝሩ ላይ የነበሩት ሰዎችና የግል መረጃቸው ግን እውነተኛ ነበሩ። ዝርዝሩን የገዛው ሰብሳቢ የምር ዕዳ የገዛ መስሎት ሊደውል ይችላል።

ለደዋዩ የጻፍኩት ደብዳቤ አንድ ገጽ አይሞላም። ኮፒ ማድረግ ለሚፈልግ ይኸውና፣ ወደ አማርኛ መልሼው፦

«በስልክ የጠቀሳችሁትን ዕዳ አላውቀውም፣ አልቀበለውምም። ይህ ደብዳቤ ዕዳ መኖሩን ማመን ወይም ለመክፈል ቃል መግባት አይደለም። እነዚህን ላኩልኝ፤ ፊርማ ያለበት የዋናው ውል ኮፒ፤ ዕዳው ከመጀመሪያው ድርጅት ወደ እናንተ የተላለፈበት ሰነድ፣ በመሃል ያለፉበትን ጨምሮ፤ ዋናው ገንዘብ፣ ወለዱና ቅጣቱ የተለየበት የሂሳብ ዝርዝር፤ የድርጅታችሁ ህጋዊ ስምና አድራሻ። ከዚህ በኋላ በጽሁፍ ብቻ እንድትገናኙኝ እጠይቃለሁ።»

ረጅም ታሪክ አትጻፉ። «ያኔ ቢዝነስ ቀዝቅዞ ነበር፣ ሊሆን ይችላል፣ ግን አሁን…» የምትል አረፍተ ነገር ለሌላው ወገን ስጦታ ናት። በሰርተፋይድ ሜይል፣ መድረሱን ከሚያረጋግጥ ፊርማ ጋር፣ ኮፒው ፋይል ውስጥ። አድራሻውን ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ነው የሰጠኝ፣ ደብዳቤው ተቀባይ የለም ተብሎ ተመልሶ መጣ፣ ፖስታውን ሳልከፍተው እንደታሸገ አስቀምጬዋለሁ። በኢሜይልም ልኬለት ነበርና በሱ በኩል አንድ ገጽ ፒዲኤፍ መጣልኝ፣ ፊርማ የለው፣ ውል የለው፣ ድምሩም በስልክ ከነገረኝ ጋር አይገጥምም።

የቆየ ዕዳ ከሆነ ደሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ዕዳ ለመክሰሻ የጊዜ ገደብ አለው፣ ለዕቃ ሽያጭና ለዕቃ ሊዝ በንግድ ኮዱ መሰረት በአብዛኛው 4 አመት ነው፣ ለሌላ በጽሁፍ ለተደረገ ውል እንደየስቴቱ ይለያያል፣ ካሊፎርኒያ 4፣ ኒውዮርክ 6፣ ኢሊኖይ 10 አመት። ሰብሳቢው ይሄን ያውቃል፣ ስለዚህ «ቀና መንፈስ ለማሳየት ያህል ሃምሳ ዶላር ብቻ ይክፈሉ፣ ፋይሉን አቆየዋለሁ» ይላል። በብዙ ስቴቶች ያቺ ሃምሳ ዶላር ሰአቱን እንደገና ከዜሮ ልታስጀምረው ትችላለች። ሃምሳዋን ብሎ አይደለም የደወለው።

ጥሪውን ልቅዳው የምትሉ ደሞ ቆይ። በአንዳንድ ስቴት እናንተ ካወቃችሁ ይበቃል፣ ካሊፎርኒያ፣ ፍሎሪዳ፣ ፔንሲልቬኒያና ዋሽንግተን ግን ሁለቱም ወገን መስማማት አለበት። «ጥሪው እየተቀዳ ነው» ብሎ መናገር ነው መፍትሄው፣ ብዙዎቹም ይሄን ሲሰሙ ቸኩለው ይሰናበታሉ።

ስለ ሰራተኞች ትንሽ ልበል፣ እኔ ጋ ትልቁ ለውጥ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ድሮ ልጅቷ ስልክ ስታነሳ ለሰው ሁሉ በቅንነት ትመልስ ነበር፣ ባለቤቷ ማነች፣ መቼ ትገባለች፣ በየትኛው ባንክ ነው የምትሰሩት፣ ፕሪንተራችሁ ምን አይነት ነው። የፕሪንተሩ ጥያቄ ሰላማዊ ይመስላል አይደል? አሮጌ ማጭበርበሪያ ነው። ዛሬ የፕሪንተሩን ሞዴል ይጠይቃል፣ በሳምንቱ ያላዘዛችሁት ቀለም ይመጣል፣ ከዛ ቢል፣ ከዛ ኮሌክሽን፣ «እከሊት ናት ያዘዘችው፣ ስሟ አለን» ይላሉ። (ያላዘዛችሁት ዕቃ በፖስታ ከመጣ በ1970 በወጣው ህግ እንደ ስጦታ ነው የሚቆጠረው፣ መክፈልም መመለስም የለባችሁም።) አሁን ስልኩ አጠገብ አንዲት ወረቀት ለጥፌያለሁ፣ የደዋይ ስም፣ ድርጅት፣ የፖስታ አድራሻ፣ ስለምን እንደሆነ፣ የሚል ቦታ ያለባት። ከዛ ውጪ «በጽሁፍ ይላኩልን» ብቻ። ባለቤቷ ነሽ ወይ ቢሏት፣ ዕዳውን ታውቂዋለሽ ወይ ቢሏት፣ አዎም አይደለምም የለም። መጀመሪያ ላይ «ባለጌ ነሽ ይሉኛል» ብላ ፈርታ ነበር።

እሷ ብቻ አይደለችም። እኔ እንደማየው ብዙዎቻችን የምንከፍለው ስላመንን አይደለም፣ ስማችን እንዳይነሳ ነው። በስም የሚኖር ስራ ነው ያለን፣ ዕዳ አለባቸው መባል ራሱ ያሸማቅቃል፣ ደንበኛ ፊት ስለ ገንዘብ መከራከር ያሳፍራል፣ እና ገንዘቡም ሆን ተብሎ የተለካ ነው፣ ለጠበቃ ከምትከፍሉት ያነሰ፣ ለመበሳጨት የሚበቃ፣ ለመሟገት ግን የማያበቃ። «ከመጨቃጨቅ ልክፈለውና ይብቃኝ» ትላላችሁ። አይበቃም። አንዴ የከፈለ ሰው ስሙ ዝርዝሩ ላይ «ከፋይ» ተብሎ ሊሸጥ ይችላል፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚደውለው ሰው ከመጀመሪያውም ደፋር ሆኖ ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ለይታችሁ ያዙልኝ። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ፣ ጽሁፉ የቱንም ያህል አስቂኝ ቢመስል፣ ዕዳው የቱንም ያህል ውሸት ቢሆን፣ ዝም አይባልም። የፍርድ ቤቱን የስልክ ቁጥር ራሳችሁ ፈልጋችሁ በመዝገብ ቁጥሩ አጣሩ፣ እውነት ከሆነ በቀነ ገደቡ መልስ ስጡ፣ በፌደራል ፍርድ ቤት 21 ቀን ነው፣ ካሊፎርኒያ 30 ቀን፣ ሌላው ጋ ይለያያል። መልስ ካልሰጣችሁ በሌላችሁበት ይፈረዳል፣ ከዛ በኋላ የባንክ አካውንት እስከማገድ ይደርሳል፣ «ዕዳው እኮ የኔ አልነበረም» ማለት ያኔ በጣም ነው የሚከብደው። ድርጅታችሁ ኤልኤልሲ ወይ ኮርፖሬሽን ከሆነ ደሞ በብዙ ፍርድ ቤቶች ራሳችሁ ቆማችሁ መከራከር አትችሉም፣ ጠበቃ ያስፈልጋል፣ ይሄን ብዙ ሰው የሚያውቀው ችሎት ከቀረበ በኋላ ነው።

እኔ ጋ መጥሪያ አልመጣም። ስልኩ ግን አልቆመም። ያ ጨዋ ሰውዬ ጠፋ፣ ከተወሰኑ ወራት በኋላ በሌላ ድርጅት ስም ሌላ ሰው ደወለ፣ ያው ማሽን፣ ያው አራት ቁጥር፣ ገንዘቡ ብቻ አድጓል። ለኤፍቲሲም ለስቴቱ ጠቅላይ አቃቤ ህግም ሪፖርት አድርጌያለሁ፣ የግል ጉዳዬን ያስፈጽሙልኛል ብዬ አይደለም፣ እንደዛ አይሰራም፣ ግን ክስ የሚከፍቱት ተመሳሳይ ቅሬታ ሲጠራቀም ነው። ለአዲሱም ያንኑ ደብዳቤ ቀኑን ቀይሬ ላክሁለት፣ አሁን ከሊዝ ድርጅቱ የመጣው የመዝጊያ ወረቀትም አብሮ አለ፣ የቀድሞው ባለቤት ኮፒውን ሰጥቶኛል።

ባለፈው ሳምንት የደወለችው ሴትዮ ግን አድራሻዋን ስጠይቃት ሳትንተባተብ ሰጠችኝ፣ ወረቀቱንም እልካለሁ አለች። ከላከች ቁጭ ብዬ ነው የማነበው። የቀድሞው ባለቤት ፊርማ ብቻ ካለበት ለሱ አስተላልፍለታለሁ፣ የኔ ፊርማ ያለበት ሌላ ነገር ከሆነም እከፍላለሁ። እስካሁን አልመጣም።